እንጆሪ ወይስ ሽንኩርት? በአዘዞና በጸዳ መካከል ባለች ሩብ ሄክታር ላይ የተነሣ ክርክር

በአንድ የኢንተርኔት የግብርና መድረክ ላይ ክር (ጥያቄና በቁጥር የተከታተሉ መልሶች) የከፈተችው ጠያቂ፣ ጥያቄ ከማቅረቧ በፊት አቋሟን ነው ያስቀደመችው። እናቷ በጎንደር በኩል በአዘዞና በጸዳ መካከል ሩብ ሄክታር የምትሆን መሬት አላቸው። በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ አለበት፤ በክረምት ጤፍ ይዘራበታል፤ በበጋ ደግሞ ውሃው የፈቀደውን ያህል ሽንኩርት ይተከልበታል። ልጅቱ ከሥራ ተመልሳ ከእናቷ ጋር መኖር ስለጀመረች መሬቱን እሷ ልትይዘው ነው። ሽንኩርቱን ነቅላ ቦታውን በሙሉ እንጆሪ ማድረግ ትፈልጋለች። ምክንያቷም ግልጽ ነው፤ የፎገራ ሽንኩርት በጭነት መኪና ሲገባ የጎንደር ዋጋ ይወድቃል፣ ትንሽ መሬት ያለው ሰው ከትልቅ ሜዳ ጋር በኩንታል ሊወዳደር አይችልም፣ እንጆሪ ግን በኪሎ ከሽንኩርት ብዙ እጥፍ ያወጣል፣ ሆቴሎችም አሉ። ሁሉም የሚተክለውን የሚተክል ሰው ሁሉም የሚያጣውን ያጣል ስትል ደመደመች። ከዚያ በኋላ ነው ችግኝ ከየት እንደሚገኝና በሩብ ሄክታር ስንት እግር እንደሚተከል የጠየቀችው።

ክሩ ከአርባ በላይ መልስ ስላለውና መሀሉ ላይ ጭቅጭቅ ስለበዛበት፣ ለሌላ ሰው እንዲጠቅም በየቁጥሩ እተርከዋለሁ። እኔ ራሴ በማክሰኝት በኩል አትክልት አለማለሁ፤ ስለዚህ ገለልተኛ ነኝ አልልም።

1ኛው መልስ ትሑት ነበር። ጸሐፊው ድፍረቷን አመስግኖ ቁጥሩን ሰጣት። ከፍ ተደርጎ በተሠራ መደብ ላይ ሁለት መስመር፣ በተክልና በተክል መካከል 30 ሳንቲ ሜትር፣ መደቡ ከመሄጃው ጋር 1.2 ሜትር ስፋት ከያዘ በ100 ካሬ ሜትር ወደ 550 እግር ይገባል። ችግኙን በሙሉ መግዛት እንደማያስፈልጋትም ነገራት። ጥቂት ጤነኛ እናት ተክሎችን ገዝታ አበባቸውን እየቀነጠበች ብታሳድግ፣ የሚዘረጉት ሐረጎች መሬት ሲነኩ ሥር ሰድደው አዲስ ችግኝ ይሆናሉ። ምክሩ በመጀመሪያው ዓመት ከ100 ካሬ ሜትር እንዳታልፍ ነው። ብዙ ሰው ይህን መልስ ወደደው። ከዚያ በኋላ የመጡት ግን እንዳላነበቡት ሆነው ስለ ሩብ ሄክታሩ መከራከር ቀጠሉ።

2ኛው ስለ አፈሩ ጠየቀ፤ ቀይ ነው ወይስ ዋልካ (ጥቁር ሸክላማ አፈር)? በ3ኛው ጠያቂዋ ከመንገዱ አጠገብ ያለው ከፍ ያለው ግማሽ ቀይ፣ ወደ ታች ያለው ዋልካ መሆኑን መለሰች። 4ኛው ጸሐፊ በዚህ ላይ የተናገረው ትክክል ነው። እንጆሪ ሥሩ ውሃ ውስጥ ሲቆም ይበሰብሳል፤ ዋልካ ደግሞ በክረምት ይጨቀያል፣ በበጋ ተሰነጣጥቆ ሥር ይበጥሳል። ስለዚህ እንጆሪው በቀዩ ላይ ብቻ ይሁን፤ በዋልካው ላይ ዝናቡ ሲያበቃ ደምቢያ ላይ እንደሚደረገው በቀሪው እርጥበት ሽምብራ ይዘራበት። ሽምብራ ውሃ ማጠጣት አያስፈልገውም፤ ለአፈሩም ናይትሮጅን ይተውለታል። እንዲህ ያለ መልስ ሲመጣ መሬት የሚያውቅ ሰው መሆኑ ወዲያው ይታወቃል።

5ኛውን የጻፉት ዕድሜያቸው የገፋ ይመስላሉ። ጠያቂዋን ልጄ ብለው ጠርተው፣ የጠየቀችውን ሁሉ ትተው አንድ ነገር ብቻ ጠየቋት። በመጋቢትና በሚያዝያ ከጉድጓዱ በቀን ስንት በርሜል ይወጣል? በእኔ ግምት የክሩ ክብደት እዚህ ላይ ነው ያለው። ስለ ዝርያ፣ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ሆቴል የሚባለው ሁሉ የዚህ ጥያቄ መልስ ከታወቀ በኋላ የሚመጣ ነው።

በ6ኛው የልጅቱ መልስ መጣ። በሚያዝያ ጠዋት ሁለት በርሜል ከተቀዳ በኋላ ጉድጓዱ ይደርቅና እስከ ማግሥቱ ይጠራቀማል። 7ኛው ጸሐፊ ወረቀትና እርሳስ ይዞ የተቀመጠ ሰው ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚወርድ 1 ሚሊ ሜትር ውሃ 1 ሊትር ነው። በደረቁ ወራት አትክልት በቀን ወደ 5 ሚሊ ሜትር ይፈልጋል ቢባል፣ 100 ካሬ ሜትር 500 ሊትር ይጠጣል፤ ይህም ባለ 200 ሊትር በርሜል ሁለት ተኩል ነው። ሩብ ሄክታሩ በሙሉ ቢተከል 12,500 ሊትር ወይም ከ60 በርሜል በላይ በየቀኑ ይጠይቃል። ሁለት በርሜል የሚያመነጭ ጉድጓድ በጠብታ መስኖና በጉዝጓዝ (ከተክሉ ሥር በሚነጠፍ ጭድ ወይም ገለባ) ታግዞ 100 ካሬ ሜትር ቢያዳርስ ነው። ስለዚህ ሩብ ሄክታር እንጆሪ የሚባለው ሐሳብ በ7ኛው መልስ አብቅቶለታል፤ ክሩ ግን ገና መጀመሩ ነበር።

8ኛው የጣሪያ ውሃ ማጠራቀም ችግሩን ሁሉ እንደሚፈታ በሙሉ ልብ ጻፈ። 9ኛው በትሕትና አረመው። የጎንደር ዝናብ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር ያልፋል፤ ነገር ግን አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው የሚወርደው። 60 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ በ1,000 ሚሊ ሜትር 60,000 ሊትር ይሰበስባል፤ በመፍሰስና በመርጨት አንድ አምስተኛው ቢባክን 48,000 ሊትር ይቀራል። ይህን ለመያዝ አራት ሜትር በአራት ሜትር፣ ጥልቀቱ ሦስት ሜትር የሆነና ጂኦሜምብሬን (ውሃ የማያሳልፍ ወፍራም ፕላስቲክ) የተነጠፈበት ጉድጓድ ያስፈልጋል። ያም ሆኖ 100 ካሬ ሜትር ከሦስት ወር ከጥቂት ቀን በላይ አያጠጣም። ላዩ ካልተሸፈነ ፀሐይ የራሷን ድርሻ ትወስዳለች፤ ዙሪያው ካልታጠረ ደግሞ ለሕፃናት አደጋ ነው። 8ኛው አልተቆጣም፤ እንዲያውም አመሰገነ። በዚህ ክር ውስጥ የታረመ ሰው ሲያመሰግን ያየሁት እዚህ ብቻ ነው።

10ኛው የቧንቧ ውሃ ለምን አትጠቀሚም አለ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ይህን የሚጽፍ ሰው የጎንደር ሰው መሆኑን ተጠራጥሬአለሁ፤ ሌሎችም መልስ ሳይሰጡት አለፉ።

11ኛው ላይ ድምፁ ተለወጠ። ጸሐፊው በሆቴል ወጥ ቤት ለረጅም ጊዜ እንደሠራ ገልጾ፣ ስለ ሆቴሎች የሚወራውን በምሬት አፈረሰው። አንድ ሆቴል በሳምንት የሚገዛው እንጆሪ ጥቂት ኪሎ ነው፤ መጠኑ እኩል ይሁን ይላል፤ በሚፈልግበት ሳምንት ከሌለ ሌላ ሰው ጋ ይሄዳል፤ ሒሳቡን የሚከፍለው ዘግይቶ ነው። እንግዳ ለጥምቀት ሲጎርፍ ይጠራሻል፣ መንገድ ሲዘጋና እንግዳ ሲጠፋ ስልክሽን አያነሳም ሲል ቃሉን ሳያለዝብ ነገራት። 12ኛዋ ኬክ ቤት አላት፤ ነገሩን አለዘበችው። ኬክ ቤቶችና የልደት ዝግጅት የሚያደርጉ ቤተሰቦች የሚገዙት ከሆቴል ያነሰ ቢሆንም ገንዘባቸውን በእጅ ይሰጣሉ። የቆሰለ እንጆሪም አይጣልም፤ በስኳርና በሎሚ ተቀቅሎ ማርማላታ ይሆናል። እንጆሪ ራሱን የሚያረጋው ነገር አነስተኛ ስለሆነ ሎሚው ግድ ነው አለች።

13ኛው ስለ ለቀማ የጻፈው ረጅምና ጠቃሚ ነው። እንጆሪ ከተለቀመ በኋላ አይበስልም፤ እንደ ቲማቲም ሳይቀላ ቀጥፎ ቤት ውስጥ ማቅላት አይቻልም። ስለዚህ ሙሉ በሙሉ ቀልቶ፣ ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ፣ ከነአረንጓዴ ቆቡ ይቀጠፋል። ጥልቀት በሌለው ዕቃ በስሱ ይደረደራል፤ አይታጠብም። ያለ ማቀዝቀዣ ዕድሜው አንድ ወይም ሁለት ቀን ነው። በየሁለት በየሦስት ቀኑ ስለሚለቀምም መድኃኒት ረጭቶ ሰባት ቀን መጠበቅ አይቻልም። ፍሬውን የሚያበሰብሰውን ግራጫ ሻጋታ የሚከላከሉት በንጽሕና ነው፤ የበሰበሰውን ፍሬ በየዕለቱ ማውጣት፣ ያረጀውን ቅጠል ማንሣት፣ ፍሬው አፈር እንዳይነካ ከሥሩ መጎዝጎዝ። ከዚያም ለእኛ አገር የሚጠቅም ነጥብ ጨመረ። ጎንደር ላይ ቀኑ በክረምትም በበጋም ከ13 ሰዓት ስለማይበልጥ፣ አጭር ቀን የሚወድደው የእንጆሪ ዓይነት ዓመቱን ሙሉ ሊያብብ ይችላል፤ የሚያበላሸው የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ነው። ስለዚህ ገንዘቡ ያለው በበጋው ነው፤ በጋ ደግሞ ወደ ጉድጓዱ ይመልሰናል በማለት 5ኛውን መልስ ጠቀሰ።

ስለ ጉዝጓዙ ሁለት ሦስት ሰዎች ተቀባበሉ። የጤፍ ጭድ ግሩም ነው፤ ግን ከብቱም ይፈልገዋል፣ ጭቃ ቤት የሚሠራውም ይፈልገዋል፣ ስለዚህ ውድ ነው። አንዱ ከወረታ ወፍጮ ቤቶች የሩዝ ገለባ በማዳበሪያ ከረጢት እያስመጣ እንደሚጠቀም ተናገረ። ጥቁር ፕላስቲክ የሚያነጥፉም አሉ፤ አረሙን ያጠፋል፣ ውሃውን ይቆጥባል፣ ሲቀደድ ግን ቁርጥራጩ መሬት ውስጥ ይቀራል። እኔ የሩዙን እመርጣለሁ።

14ኛው መልስ የሽንኩርት ጠበቃ ሆኖ መጣ፤ የመጣው ግን ተቆጥቶ ነው። በሊቦ ከምከም በኩል ሽንኩርት አምራች ነው። ጠያቂዋ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ልትጥል ነው፤ ሽንኩርት ገዢ አጥቶ አያውቅም፤ ወጥ ያለ ሽንኩርት አይሠራም፤ በደንብ የደረቀ ሽንኩርት ዋጋ እስኪያገኝ ይቆያል፤ እንጆሪ የሚበላው ግን ማን ነው? የከተማ ልጆች በስልክ ያዩትን ሁሉ መሬት ላይ ሊሞክሩ ይፈልጋሉ ሲልም ጨመረ። የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ባትኖር ጥሩ መልስ ነበር። 15ኛው እንደዚያው መለሰለት። ሽንኩርት የሚቆየው የሚያቆይበት ቦታ ላለው ነው፤ የዘርና የነዳጅ ብድር ያለበት ገበሬ መጋቢት ላይ ሁሉም በአንድ ላይ ሲያወጣ ደላላ በተመነለት ዋጋ ከማሳው ላይ ይሸጣል። ሁለቱ ለሦስት መልስ ያህል ተናቆሩ። ስለዚያ ማውራቱ ጥቅም የለውም፤ ሁለቱም ግን የሚናገሩት ስለ እውነተኛ ነገር ነበር።

ክሩን ያዳነችው የ18ኛው መልስ ጸሐፊ ናት። ቅዳሜ ገበያ አትክልት በመደብ የምትሸጥ እናት ናት። ክርክሩን ስታነብ እንደገረማት፣ ስለ ተክሉ እንጂ ስለሚበላበት ቀን ያነሣ ሰው እንዳላየች ጻፈች። የጎንደር ገበያ በጾም ነው የሚተነፍሰው። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል፤ ፍልሰታ ነሐሴ 1፤ ዐቢይ ጾም ከየካቲት 1 እስከ መጋቢት 5 ባለው መካከል በአንዱ ቀን ይገባና 55 ቀን ይቆያል። በእነዚህ ቀናት ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ሰላጣ፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ድንች ከመደቧ ላይ አይቆዩም፤ ፋሲካ ሲውል በማግሥቱ ቲማቲሙ ይቀዘቅዛል፣ ሽንኩርቱ ብቻ ከዶሮው ጋር ይሄዳል። ስለዚህ ከጾሙ መግቢያ ወደ ኋላ ቁጠሪ ብላ አሳየቻት። ቲማቲም ችግኙ ወደ ማሳ ከተዛወረ በኋላ ወደ 80 ቀን፣ በችግኝ ጣቢያ ወደ 35 ቀን ቢፈጅ፣ የካቲት 1 ለመልቀም ኅዳር 11 ገደማ ማዛወር፣ ጥቅምት 6 ገደማ ዘሩን ማፍሰስ ነው። ጾሙ የሚገባበት ቀን ስለሚለዋወጥ ደግሞ ሁሉንም በአንድ ቀን አትትከዪ፤ በየሁለት ሳምንቱ ከፋፍይው።

19ኛው ረመዳንን አስታወሰ። የሙስሊሙ ጾም በየዓመቱ ከ10 እስከ 11 ቀን እየቀደመ ስለሚመጣ ከዐቢይ ጾም ጋር የሚገጥምበት ጊዜ አለ፤ በዚያ ዓመት ለሾርባና ለሳምቡሳ የሚሆን ድንች፣ ሽንኩርትና ድንብላል ፍላጎቱ ይደራረባል። 20ኛው የ18ኛዋን እናት ቁጥር አረመ፤ ግን በአክብሮት። ኅዳርና ታኅሣሥ ጎንደር ላይ ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ቲማቲም ይዘገያል፤ ሁለት ሳምንት ጨምሩበት፤ ዘሩ መስከረም 22 ገደማ ይውረድ፤ የቀረው ዝናብ ችግኙን እንዳይመታው ላዩ ይከለል። ቱታ አብሶሉታ የሚባለው የቲማቲም ቅጠል ቦርቧሪ ከ2012 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጀምሮ አገራችን ስለገባ የተጎዳውን ቅጠል እየለቀሙ መቅበርም ሥራው ነው አለ። እናቲቱ በ21ኛው እሺታዋን ሰጥታ፣ ቲማቲም ሻጭ እንጂ ተካይ አለመሆኗን በሳቅ ጻፈች።

22ኛው የእኔ ነው። ስለ ቆስጣ ነበር የጻፍሁት። ቆስጣ ከተተከለ በሁለት ወር ውስጥ መቆረጥ ይጀምርና ከውጭ ከውጭ ያለው ቅጠል እየተወሰደ ለወራት ይሰጣል። ትንሽ መሬት ያለው ሰው ትልቁ ችግሩ ገንዘብ በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ብቻ ማየቱ ነው፤ ቆስጣ ግን በየሳምንቱ የጨው የዘይቱን ይሸፍናል። ማንም አያደንቀውም፤ ፎቶግራፍ አንሥቶ የሚለጥፈው የለም። እንጆሪው ፍሬ እስኪሰጥ ቤቱን የሚያቆየው ግን እሱ ነው። ሁለት ሰው ተስማማ፤ አንዱ ቆስጣ የሕፃን ምግብ ነው ብሎ አሾፈ።

ከ23ኛው እስከ 27ኛው ያለው መራራ ነው። አንድ ሰው ቆስጣና ሰላጣ ሲነሣ፣ ከከተማው በታች ባሉ ወንዞች ዳር የሚመረተውን አትክልት ቤተሰቡ እንደማይበላ፣ አምራቾቹም ሰው እየመረዙ መሆኑን ጻፈ። ከወንዙ ዳር የሚያለማ አንድ ወጣት ተሳደበ፤ ስድቡን የመድረኩ ጠባቂ አጠፋው። ከስድቡ በኋላ የቀረው ሐሳቡ ግን መደመጥ ነበረበት። ቆሻሻውን ወደ ወንዙ የሚለቀው ከተማው ነው፣ ገበሬው አይደለም፤ ሌላ ውሃ የለውም፤ መሬቱንም ለቅቆ የሚሄድበት የለም። 25ኛው የጤና ባለሙያ ሳይሆን አይቀርም፤ ሁለቱንም አረጋጋ። በፍሳሽ በተበከለ ውሃ የለማና ጥሬውን የሚበላ ነገር የወስፋት እንቁላልና ጃርድያ ሊይዝ እንደሚችል ክርክር የለውም፤ በውሃ ብቻ ማለቅለቅም አያስወግደውም። ግን ሰላጣና ካሮት የሚመረትበት ውሃ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። በዚያ ውሃ የሚያለማ ሰው ተቀቅሎ የሚበላውን ድንች፣ ጎመን፣ ጥቅል ጎመን ይምረጥ፤ ውሃውን በቅጠሉ ላይ ከማፍሰስ በቦይ ሥሩን ያጠጣ፤ ከመቁረጡ በፊት ለተወሰኑ ቀናት ማጠጣቱን ያቁም። እንጆሪ ጥሬውን የሚበላ፣ የማይላጥ፣ ሲታጠብ የሚበላሽ ስለሆነ የጉድጓድ ንጹሕ ውሃ እንጂ የወንዝ ውሃ ጨርሶ ሊነካው አይገባም። ወጣቱ በ27ኛው አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፤ ጎመን ብቻ ልትከል፣ ግን በሰላጣው የማገኘውን ልዩነት ማን ይከፍለኛል? ለዚህ የመለሰለት የለም። እኔም መልስ የለኝም።

28ኛው ስለ ዘር ነው፤ ቀድሞ መምጣት የነበረበት። የሽንኩርት ዘር ቶሎ ያረጃል፤ ከዓመት በላይ የቆየ ዘር አብዛኛው አይበቅልም። አንድ ሱቅ የሸጠለት ቆርቆሮ ማሸጊያው አዲስ፣ ዘሩ ግን አሮጌ ሆኖ መደቡ ራሰ በራ እንደሆነበት ተናገረ። አሁን 100 ፍሬ ቆጥሮ በእርጥብ ጨርቅ ይጠቀልላል፤ በአሥር ቀን ውስጥ ከ70 በታች ከበቀለ አይዘራውም። 29ኛው በዚያው ላይ ስለ ነጭ ሽንኩርት አስጠነቀቀ። ሥሩን አበስብሶ ነጭ ሻጋታ የሚያለብሰው በሽታ አንዴ መሬት ከገባ ከ20 ዓመት በላይ ይቆያል፤ ስለዚህ ከማይታወቅ ማሳ የመጣ ቅንጣት ለዘር አይወሰድ፤ ከታመመ ማሳ የወጣ ዶማም ሳይታጠብ አይግባ። በዚህ ላይ እኔ የምጨምረው እንጆሪን ቲማቲም፣ ድንች ወይም ቃሪያ በነበረበት መደብ ላይ ያለመትከልን ነው፤ ሁሉንም የሚያጠወልግ አንድ ዓይነት የአፈር ፈንገስ ይጋራሉ።

ከዚህ በኋላ ወሬው ወጣ ወጣ አለ። አንዱ ስለ አጥር ጠየቀ፤ ፍየል። 31ኛው አጋም፣ ኮሽምና ቀጋ እያሰባጠሩ መትከልን መከረ። እሾሁ ፍየል ይመልሳል፤ ፍሬውንም ልጆች ለቅመው ይበሉታል፣ ይሸጡታልም። ታዲያ ለምን በወንዝ ዳር ያለውን የዱር እንጆሪ አትተክሉም ያለ ሰው መጣ፤ ውሃ ይፈልጋል፣ ይሰፋል፣ መደቡን ይውጠዋል ተባለ። ሌላው ጃርት ድንቹንና ካሮቱን እንደጨረሰበት አማረረ፤ መላ የሰጠው የለም፤ ሦስት ሰዎች ግን የራሳቸውን የጃርት ታሪክ ተረኩ። 34ኛው ከጣና የሚወጣውን እምቦጭ የሚባል የውሃ አረም ለብስባሽ ብናደርገውስ አለ። የተሰጠው መልስ ቀዝቃዛ ነበር። እምቦጭ አብዛኛው ክብደቱ ውሃ ነው፣ እስከ ጸዳ ለማጓጓዝ የሚወጣው ነዳጅ ብስባሹን ያስንቃል፤ ዘሩም ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ስለሚቆይ በደንብ ያልጋለ ክምር አረሙን ወደ ሌላ ወንዝ መውሰድ ነው። በጣና ዳር ላሉት ግን ይሆናል ተብሎ ተዘጋ።

አንድ ሌላም ጥሩ ሐሳብ በዚህ መሀል ሊጠፋ ነበር። የንብ ቀፎ ያለው ሰው፣ እንጆሪ ንብ ካልጎበኘው ፍሬው ጎባጣና የተጣመመ እንደሚሆን፣ ስለዚህ ጎረቤት መርጨት ካለበት ንብ ወደ ቀፎው ከገባ በኋላ አመሻሽ ላይ እንዲረጭ መስማማት እንደሚገባ ጻፈ። መሬትን በአጥር እንጂ በንብ መከለል አይቻልምና፣ ከጎረቤት ጋር መነጋገር የእርሻው ሥራ አካል ነው።

በ38ኛው ጠያቂዋ ተመለሰች። የመጀመሪያውን ጽሑፏን አልሰረዘችም፤ የወሰነችውን ብቻ አስቀመጠች። በቀዩ መሬት ላይ 100 ካሬ ሜትር እንጆሪ፤ ከጎኑ ቆስጣና ለዐቢይ ጾም የሚደርስ ትንሽ ቲማቲም፣ ውሃው እስከቻለ ድረስ፤ በዋልካው ላይ ክረምት ጤፍ፣ ከዚያ ሽምብራ። የማጠራቀሚያ ጉድጓዱን በጎረቤቶች ወንፈል ልታስቆፍር ነው፤ ጂኦሜምብሬኑን ግን በዚህ ዓመት መግዛት አትችልም። የ14ኛው መልስ ጸሐፊ፣ ያ የሽንኩርት ጠበቃ፣ ለእናቷ ጥቂት መደብ ሽንኩርት እንድትተውላቸው አሳሰባት፤ በዚህ ጊዜ አልተቆጣም። 5ኛውን የጻፉት አዛውንት ደግሞ ውሃ የሚቀዳበት ጉድጓድ ከዘንድሮ ሚያዝያ በፊት በአንድ ሜትር እንዲጠልቅ፣ ቆፋሪው ግን ብቻውን እንዳይወርድና ገመድ የሚይዝለት ሰው ከላይ እንዲቆም አስጠነቀቁ።

39ኛው የዶሮ ፍግ ትኩሱን ለእንጆሪ ይሆናል ወይ ብሎ ጠየቀ፤ ያቃጥላል፣ ከደረቅ ቅጠልና ገለባ ጋር ተከምሮ ሦስት አራት ወር ይብላላ ተባለ። 41ኛው ከርዕሱ ጋር ምንም የማይገናኝ ማስታወቂያ ነው፤ ያገለገለ ባለ ሁለት ኢንች የሞተር ፓምፕ የሚሸጥ ሰው። ጠያቂዋ በ42ኛው በቤንዚን ነው ወይስ በናፍጣ የሚሠራው ብላ ጠይቃለች፤ እስካሁን አልመለሰላትም።